ካምቢዮው ሳይጮኽ

በዚህ ዕትም መኪና ላላችሁ ቤተሰቦች፣ በተለይም ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ለምትመላለሱ፣ አንድ ጥያቄ እናንሣ። የመኪናችሁ የካምቢዮ ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?

ስለ ሞተር ዘይት ብትጠየቁ ኖሮ አብዛኞቻችሁ ወዲያው ትመልሱ ነበር። ዘይት የቀየረላችሁ ባለሙያ የሚቀጥለውን ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፎ ለጥፎላችኋል። ስለ ካምቢዮ ሲጠየቅ ግን ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ታያለች። "ስንገዛው የነበረው ነው መሰለኝ" የሚል መልስ በብዙ ቤት ይሰማል። ስንፍና ብቻ ግን አይደለም፤ ለመርሳት የሚያበቃ ምክንያት አለው።

ለምን ይረሳል?

የሞተር ዘይት ከእሳት አጠገብ ስለሚሠራ ይጠቁራል፣ ይቀንሳል፣ በመለኪያው ዘንግም ይታያል። የካምቢዮ ዘይት ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ አይቃጠልም፣ ካላፈሰሰ በስተቀርም አይቀንስም። በአብዛኞቹ ባለ እጅ ማርሽ መኪኖች ላይ መለኪያ ዘንግ የለውም። የሚያስጠነቅቅ መብራትም አይበራለትም። ስለዚህ "ካላለቀ ምን አስቀየረው?" ይባላል።

የዘይቱ ችግር ማለቁ ሳይሆን መድከሙ ነው። ማርሾቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ የብረት ብናኝ ይወጣል። ሞተር ዘይቱን የሚያጣራ ፊልትሮ አለው፤ አብዛኛው የእጅ ካምቢዮ ግን የለውም። ብናኙ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ሌላውን ብረት ይበላል። በዚያ ላይ ሙቀት ሲደጋገም ዘይቱ ውፍረቱን ያጣል፤ ብረትን ከብረት ለመጠበቅ የተጨመሩበት ቅመሞችም ያልቃሉ። ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ሥራውን ግን ትቶአል።

የስፖርት መኪናና የአምቦ መንገድ

በውጭ አገር የካምቢዮ ዘይት ነገር አብዝቶ የሚያሳስባቸው የስፖርት መኪና ባለቤቶች ናቸው። መኪናቸውን በውድድር ሜዳ የሚነዱት ሰዎች ዘይቱን የፋብሪካው መመሪያ ከሚለው ጊዜ በጣም ቀድመው ይቀይራሉ። እንዲህ የሚያደርጉት ኃይለኛ ሞተር ማርሾቹን በጫና ስለሚገፋቸው፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየርና በዚህ ሁሉ ዘይቱ ስለሚግል ነው። ዘይትን የሚያደክመው ሙቀትና ጫና ነው።

እኛ ዘንድ የስፖርት መኪና ብርቅ ነው። ቶዮታ ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የሠራት ኤኢ86 የምትባለው ዝነኛ የስፖርት መኪና ግን ከኮሮላ ቤተሰብ የወጣች ናት፤ በከተሞቻችን ለዘመናት ያገለገለችው ዲኤክስ ዘመዷ ናት ማለት ይቻላል። ዲኤክሷ ውድድር አትገባ ይሆናል፤ ጫናውና ሙቀቱ ግን አይቀርላትም።

መንገዳችንን አስቡት። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አምቦ 2,100 ገደማ፣ ባኮ ደግሞ 1,650 ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ቁልቁለት ብቻ አይደለም። ከጉደር ወደ ጌዶ ይወጣል፣ ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ሙቀት ይወርዳል። ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከጀልዱ ድንች ጭኖ የሚወርደው አይሱዙ፣ ከጊንጪ ጤፍ የሚያመላልሰው ፒክአፕ፣ ሰው ሞልታ ሻንጣና ጆንያ በጣራዋ ተሸክማ የምትወጣው አባዱላ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ረጅም ጊዜ ይጓዛሉ። በዚያን ጊዜ ካምቢዮው እንደ ስፖርት መኪናው ይግላል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ሲገባ ደግሞ አቧራ፣ በክረምትም ጭቃና የጅረት ውሃ ይጨመርበታል።

መቼ ይቀየር?

የመጀመሪያው መልስ ከመኪናው ጋር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ለቀላል አገልግሎት ከ40,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይባላል። ያው መጽሐፍ ጭነት ለሚሸከም፣ በአቧራና በአቀበት ለሚሠራ መኪና ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ግማሽ ያወርደዋል። መመሪያው የሌላችሁ እንደሆነ ለጭነትና ለሕዝብ ማመላለሻ 20,000፣ ለቤት መኪና 40,000 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ብትይዙ አትጎዱም።

ቁጥሩን ወደ ቀን መቁጠሪያ እንለውጠው። ከአምቦ አዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 230 ይሆናል። በቀን አንድ ደርሶ መልስ የሚሠራ ሚኒባስ በወር 25 ቀን ቢንቀሳቀስ 5,750 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ስሌት 20,000 የሚሞላው በ3 ወር ተኩል ነው። "በዓመት አንዴ፣ ቦሎ ሲደርስ አስቀይረዋለሁ" የሚል ባለ ሚኒባስ ሦስት ጊዜ መቀየር የነበረበትን አንድ ጊዜ ቀየረ ማለት ነው።

የቤት መኪናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በወር አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስና በከተማ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ በዓመት ከ6,500 ኪሎ ሜትር አያልፍም። 40,000 እስኪሞላ ከ6 ዓመት በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ዘይቱ ይቀመጥ አይባልም። ሣጥኑ ሲሞቅና ሲበርድ በመተንፈሻው እርጥበት ይገባል፣ ዘይቱም ያረጃል። ስለዚህ ጥቂት የሚነዳ ሰው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓመት ይቁጠር፤ በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ቢቀይር መልካም ነው።

ኪሎ ሜትርም ዓመትም ሳይጠበቅ የሚቀየርበት ጊዜም አለ። አንደኛ፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙና ታሪኩን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሳይኖር ሲቀር። ሁለተኛ፣ መኪናው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከቆመ። ሦስተኛ፣ ካምቢዮው ተፈትቶ ከተሠራ በኋላ፤ አዳዲሶቹ ክፍሎች ሲላመዱ ብናኝ ስለሚያወጡ የመጀመሪያው ዘይት ከ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቢለወጥ ይመረጣል።

ምልክቱን ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል

ጠዋት በብርድ ማርሽ አልገባ ማለት፣ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ሲመለስ መፋጨት፣ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ጩኸት፣ የገባ ማርሽ በራሱ ዘሎ መውጣት፤ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው። አንዳንዱ በአዲስ ዘይት ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጩኸቱ ሲሰማ ኩሽኔታው ወይም የማርሹ ጥርስ ተበልቶአል፤ የተበላ ብረትን ደግሞ ዘይት አይመልሰውም።

የመጨረሻው ምልክት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጌዶ ወደ ባኮ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ መኪና ፍጥነቱን የሚገታው በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ ጭምር ነው። ማርሹ በመካከል ዘሎ ቢወጣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በዚያ መኪና ውስጥ ያሉት ከገበያ የሚመለሱ እናቶችና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ማርሽ የሚያወጣ መኪና ተሳፋሪ ሊጭን አይገባውም።

የትኛው ዘይት?

"ወፍራም ይሻላል" የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። 140 የሚባለው ወፍራም ዘይት በአምቦ ጠዋት ብርድ ቶሎ አይፈስም፤ ማርሹም ይከብዳል። ብዙ የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች 75 ደብሊው 90 ወይም 80 ደብሊው 90 የሚባለውን ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው ነገር ጂኤል 4 እና ጂኤል 5 የሚለው ጽሑፍ ነው። ጂኤል 5 በተለይ ለዲፈረንሻል የተዘጋጀ፣ ድኝ ያለባቸው ቅመሞች የበዙበት ዘይት ነው። በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ማርሾቹን ፍጥነት እያመሳሰሉ የሚያስገቡ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። አንዳንድ ጂኤል 5 ዘይቶች ይህን ነሐስ ይበሉታል፤ ከመጠን በላይ ስለሚያንሸራትቱም ቀለበቱ እንዳይዝ ያደርጉታል። ሁለቱንም ደረጃ እናሟላለን የሚሉ ዘይቶች አሉ። ጭራሽ ሌላ ዓይነት ዘይት የሚጠይቁ ካምቢዮዎችም አሉ። ስለዚህ መጽሐፉ የሚለውን ያዙ፤ ማሸጊያው ያልተከፈተውንም ግዙ። ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማወቂያ የለውም።

ሲቀየር አብራችሁ ቁሙ

ሥራው ረጅም አይደለም፤ ግን ሥርዓት አለው። መኪናው 10 ወይም 15 ደቂቃ ተነድቶ ዘይቱ ለብ ሲል በሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው ድንጋይ ይደረግበት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይጨመር።

መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው እንጂ የማፍሰሻው አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ዘይቱን አፍስሶ ከጨረሰ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል።

የፈሰሰውን ዘይት እዩት፤ ስለ ካምቢዮው ጤና ይነግራችኋል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከሆነ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሮአል። ወርቃማ ብልጭታ የነሐሱ ቀለበት እየተበላ መሆኑን ያሳያል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የማረር ሽታ ካለው በጣም ግሎ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ዘይት የሚሞላው በመሙያው ቀዳዳ መልሶ መንጠባጠብ እስኪጀምር ነው። ለትንንሽ መኪኖችና ለሚኒባስ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ከሥሩ የሚያፈስ ነገር እንዳለ ተመልከቱ።

አሮጌውን ዘይት በቦይ አትድፉት። በአምቦ ወደ ሁሉቃ፣ በጉደር ወደ ጉደር ወንዝ ይወርዳል፤ ከታች ከብት የሚያጠጣና ልብስ የሚያጥብ ጎረቤት አለ። በጀሪካን አጠራቅሙት። የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡት ሰዎች ሞልተዋል፤ ያንን ለሚፈልግ ስጡት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ብዙ ቤት ውስጥ ዘይቱ የማይቀየረው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በገንዘብ ክርክር ነው። ባል "ዘይት ያስፈልገዋል" ሲል ሚስት የትምህርት ቤት ክፍያ ታስባለች። ሚስት ስታስታውስ ባል "ገና ምንም አላለም" ይላል። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይናገሩም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አሮጌ መኪናን መተካትም ሆነ መለዋወጫ መግዛት ከባድ ሆኖአል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ካምቢዮ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል። የሦስት ሊትር ዘይት ዋጋ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጌታ በሉቃስ 14:28 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲናገር ተቀምጦ ወጪውን ስለ ማስላት አስተምሮአል። መኪና ያለው ቤተሰብም እንዲሁ ያድርግ። ባለ ሚኒባስ የሆናችሁ፣ የዕለቱ ገቢ ሲመጣ ለአሥራትና ለቤት እንደምትለዩት ለሰርቪስም ለዩ። የቤት መኪና ያላችሁ በወር ጥቂት አስቀምጡ። ገንዘቡ አስቀድሞ ከተለየ የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

አንድ ደብተር ግዙና በመኪናው ውስጥ አኑሩ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ስንት ሊትር፣ ማን እንደቀየረው ይጻፍበት። ባልም ሚስትም ያንብቡት። ምሳሌ 27:23 ሰው የመንጋውን ሁኔታ አስተውሎ እንዲያውቅ ይመክራል። በጎች በሌሉበት ቤት መንጋው ይህ ንብረት ነው፤ ማወቁም የአንዱ ብቻ ሥራ አይደለም። ባል ቢታመም ወይም ሩቅ ቢሄድ ሚስት ደብተሩን ከፍታ መኪናው የቆመበትን ታውቃለች።

ሹፌር ለቀጠራችሁ

ለእናንተ ለብቻችሁ የምንለው አለ። ሹፌሩ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ እንዲያስገባ ታዝዙታላችሁ። መኪናው ጋራዥ የዋለበትን ቀን ገቢ ከኪሱ እንዲሞላ የምትጠይቁት ከሆነ ካምቢዮው መጮኹን መቼ ይነግራችኋል? ድምፁን እየሰማ ዝም ይላል፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይነዳል። ከዚያ ሲሰበር "ለምን አልነገርከኝም?" ብሎ መቆጣት ፍትሕ አይደለም። የሰርቪስ ቀን የባለቤቱ ቀን ይሁን፤ የሹፌሩና የረዳቱ የዕለት አበል በዚያ ቀን አይጉደል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5:4 ላይ ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ የተናገረው የመኪና ባለቤቶችንም ይመለከታል። ሹፌር ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት መኪናው ረጅም ዕድሜ አለው።

ለሚሸጥና ለሚገዛ

የሚጮኽ ካምቢዮን ለጥቂት ቀን ዝም የሚያሰኙ ዘዴዎች አሉ። ከልክ ያለፈ ወፍራም ዘይት ይሞላበታል፤ የእንጨት ብናኝ የሚጨምሩም እንዳሉ መካኒኮች ያውቃሉ። ገዢው ነድቶ ሲሞክረው ጸጥ ይላል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። በእኛ ከተሞች ደግሞ መኪና ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ለሚታወቅ ሰው ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን የምንዋዋል አለን። ገዢው "ወንድም ነው፣ አያታልለኝም" ብሎ ቁጠባውን ያወጣል።

ዘሌዋውያን 19:35–36 ስለ እውነተኛ ሚዛን ያዝዛል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጩኸትን ሸፍኖ መሸጥ ሚዛንን ከማሳነስ አይለይም። ሻጭ ከሆናችሁ ደብተሩን አብራችሁ ስጡ፣ ጉድለቱንም ተናገሩ፤ ዋጋው ቢቀንስ ይቀንስ። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሞክሩት። 2ኛ ማርሽን ደጋግማችሁ አስገቡ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የመሙያውን ቡሎን አስፈትታችሁ ዘይቱን በጣታችሁ እዩ። ይህን ማድረግ ወንድምን አለማመን አይደለም። ንጹሕ የሆነ ሻጭ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

የመመሪያውን መጽሐፍ ፈልጉ፤ ከሌለ የታመነ መካኒክ ስለ መኪናችሁ ዓይነት ጠይቁ። የዛሬውን ኪሎ ሜትር ጻፉ። የመጨረሻው ቅያሪ መቼ እንደነበር ሁለታችሁም የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው፤ ቀይሩና ከዛሬ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ማርሹ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ግን ዘይት ቀይራችሁ ወደ መንገድ አትመለሱ፤ ተፈትቶ ይታይ።

ጌታ በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን አስተምሮናል። በሰው ዓይን የማይታይ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ሦስት ሊትር ዘይት ከጥቂቱ ይቆጠራል። ከኋላችሁ የተቀመጡት ተሳፋሪዎችና በቤት የሚጠብቋችሁ ልጆች ግን ጥቂት አይደሉም።

መውጣታችሁንና መግባታችሁን ጌታ ይባርክ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ሰላሙ ይብዛላችሁ።